ተቆርጦ መልሶ የሚያድግ ጅማት

የዛሬው ዝግጅት በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ላሉ ወላጆችና አያቶች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለአዋላጅ ነርሶች የተሰናዳ ነው። ርዕሱ ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ሕክምና ሲሆን፣ ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው የብዙ ወላጅ ልብ የሚርድበት ደረጃ ነው፤ የተረከዝ ጅማት የሚቆረጥበት።

ፍርሃቱ ምክንያት አለው። ቋንጃው የተቆረጠ በሬ ዳግም ቀንበር እንደማይሸከም ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ልጁ «ጅማቱ ይቆረጣል» ሲባል የሚደነግጥ፣ ሲብስም ልጁን አቅፎ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባት አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የሕፃን ጅማት ከትልቅ ከብትም ሆነ ከትልቅ ሰው ጅማት ይለያል። በትክክል ከተቆረጠና እግሩ በጀሶ ከታሰረ፣ በሦስት ሳምንት ገደማ መልሶ ይያያዛል፤ ያውም ከቀድሞው ረዘም ብሎ። ሕክምናው የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

ቆልማማ እግር የያዘው ሕፃን መርገጫው ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ጣቶቹ ወደ ሌላው እግር ያያሉ፣ ተረከዙ ወደ ላይ ይሰቀላል። በዓለም ላይ ከ1000 ሕፃናት ከ1 እስከ 2 የሚሆኑት እንዲህ ሆነው ይወለዳሉ። ወንዶች የሴቶችን እጥፍ ያህል ናቸው፤ ከሁለት አንዱ ልጅ ደግሞ ሁለቱም እግሮቹ የተጣመሙ ናቸው። በኢትዮጵያ በዓመት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ፣ ስሌቱ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ሕፃናትን ያመጣል። ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ ባለው አገርም በየዓመቱ በአስር የሚቆጠሩ አሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንስኤው ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። አንዳንዴ በዘር ይወርዳል። ጥቂት ልጆች ላይ ከአከርካሪ ወይም ከመገጣጠሚያ ችግር ጋር ተያይዞ ይመጣል፤ አብዛኞቹ ግን ከእግራቸው በቀር ፍጹም ጤነኞች ናቸው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ግርዶሽ ስላየች፣ የሰው ዐይን ስላረፈባት፣ ወይም ቤተሰቡ ስለተረገመ የመጣ አይደለም። ይህ ጠበቅ ተደርጎ መነገር አለበት፤ ልጁ ከጎረቤት የሚደበቀው ብዙ ጊዜ እናቲቱ ጥፋተኛ የሆነች እየመሰላት ነውና።

ሌላው አሳሳች ነገር ሕፃኑን አለማመሙ ነው። የተጣመመ እግር ሕፃን አያስለቅስም፣ ጡት መጥባት አይከለክልም፣ ክብደት አይቀንስም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሲባል ልጁ መቆም ይጀምራል። ያኔ የሚረግጠው በውስጥ እግሩ ሳይሆን በእግሩ የውጭ ጎን፣ አንዳንዴም በእግሩ ጀርባ ነው። ቆዳው ይወፍራል፣ ይቆስላል፣ ጫማ አይገባለትም። ዳገት ወጥቶ ትምህርት ቤት መድረስ፣ ከበሬ ኋላ መዋል፣ ውኃ ቀድቶ መመለስ በየቀኑ ሕመም ይሆንበታል።

ወጌሻ ጋ መሄድም የተለመደ ነው። ማሸቱ ብቻውን እግሩን አያቃናውም። በሸምበቆ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰሩ ግን ከዚህ የከፋ አደጋ አለው፤ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ እግሩ በድን ሆኖ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት በአገራችን ሆስፒታሎች ታይቷል።

አሁን በመላው ዓለም ተመራጭ የሆነውን ሕክምና ያስገኙት ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1914 በስፔን ሜኖርካ ደሴት ተወለዱ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በሪፐብሊካኑ ወገን ቁስለኛ ሲያክሙ፣ የተሰበረ አጥንት በጀሶ ሲያስሩ ቆዩ። ወገናቸው ሲሸነፍ ቁስለኞችን በተራራ መንገድ ወደ ፈረንሳይ አሻግረው፣ ራሳቸውም ወደ ሜክሲኮ ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1941 አሜሪካ ውስጥ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እዚያም ቀደም ሲል በከባድ ቀዶ ሕክምና «የተስተካከሉ» እግሮችን ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ደርቀው፣ ደክመውና የሚያምሙ ሆነው አገኟቸው። መገጣጠሚያን ሁሉ ከፍቶ ማቃናት ለጊዜው መልክ ቢያሳምርም ለጎልማሳነት ሕመም እያስቀመጠ ነበር።

የሕፃን የእግር አጥንት ገና ለስላሳ ነው፤ በውስጠኛው ጎን ያሉት ጅማቶችም በቀስታ ሲሳቡ ይለጠጣሉ። ፖንሴቲ በዚህ ላይ ተመሥርተው ዘዴያቸውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀመሩ፤ በ1963 ጽሑፍ አወጡበት። ያም ሆኖ አብዛኛው የሙያ ባልደረባ ለሠላሳ ዓመት ያህል ጆሮ አልሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ2004 እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው የ157 ልጆችን፣ በጠቅላላው የ256 እግሮችን ውጤት አሳተሙ፤ ከ100 እግር 98ቱ ያለ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተቃንተዋል። ፖንሴቲ በ2009 በ95 ዓመታቸው ሲያርፉ ዘዴያቸው አፍሪካንም አዳርሶ ነበር። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራውን ጀመረች። ማላዊ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ፣ በአጥንት ሕክምና የሠለጠኑ የጤና መኮንኖች ሥራውን በብቃት እንደሚሠሩት አሳየች። ሐኪም ከአውራጃ ከተማ በማይርቅበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ባለሙያው የሕፃኑን እግር በእጁ በቀስታ እያሸ ወደ ውጭ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ከጣት እስከ ጭን ድረስ፣ ጉልበቱን አጥፎ በጀሶ ያስረዋል። ጀሶው በየሳምንቱ ይፈታል፣ እግሩ በትንሹ ይበልጥ ወደ ውጭ ይመለሳል፣ እንደገና ይታሰራል። አብዛኛው ሕፃን ከአምስት እስከ ሰባት ጀሶ ይበቃዋል። በየቀጠሮው ባለሙያው የእግሩን ጥመት ከ0 እስከ 6 በሆነ ነጥብ ይለካል፤ 6 እጅግ የከፋው ነው። ወላጅ ቁጥሩን መጠየቅ ይችላል፣ ይገባልም። ከሳምንት ሳምንት ሲወርድ ማየት ለደከመች እናት ብርታት ይሆናታል።

ጀሶው ሁሉን ነገር ያቃናል፣ አንድ ነገር ሲቀር። ተረከዙ አሁንም እንደተሰቀለ ነው።

ምክንያቱ ከባት ወርዶ ተረከዝን የሚይዘው ወፍራም ጅማት ነው። በውስጠኛው ጎን ካሉት ጅማቶች በተለየ፣ የዚህ ጅማት ክሮች የተጠቀጠቁና የማይለጠጡ ናቸው። ባለሙያው እግሩን በጉልበት ወደ ላይ ቢገፋው ተረከዙ አይወርድም፤ መሃል እግሩ ይሰበርና መርገጫው ወደ ታች ያብጣል። ስለዚህ ከአሥር ሕፃናት ስምንት ወይም ዘጠኝ የሚሆኑት ጅማቱ እንዲቆረጥላቸው ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ ቴኖቶሚ ይሉታል።

የሚሠራው በተመላላሽ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚቆረጥበትን ቦታ ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛል። ረዳቱ እግሩን ወደ ላይ ይዞ ጅማቱን ያወጥረዋል። ቆዳው በሚገባ ይጸዳል። ሐኪሙ ከተረከዝ አጥንት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ በጅማቱ የውስጥ ጎን በኩል የትንሽ ምላጭ ጫፍ ያስገባል፤ ጅማቱንም ከፊት ወደ ኋላ ሙሉ በሙሉ ይቆርጠዋል። ሲበጠስ ለእጅ ይሰማል። በዚያው ቅጽበት እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ለሳምንታት የተሰቀለው ተረከዝ ይወርዳል። ቀዳዳዋ ስፌት አያስፈልጋትም። ለጥቂት ደቂቃ በፋሻ ተጭና ደሟ ይቆማል፣ የመጨረሻው ጀሶ ይታሰራል፣ ልጁም ጡት ይጠባል። ቤተሰቡ በዚያው ቀን መሄድ ይችላል። በአጠገቡ የደም ሥር ስለሚያልፍ ሥራው የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ጥንቃቄ የተሞላበት ግን አጭር ሥራ ነው።

ጅማትን በትንሽ ቀዳዳ የመቁረጡ ጥበብ ከፖንሴቲም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1836 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሊትል፣ በልጅነት በያዘው በሽታ እግሩ ተጣሞ ያደገ ሰው፣ ወደ ጀርመን ሃኖቨር ተጉዞ በሉዊስ ሽትሮማየር እጅ ጅማቱን አስቆረጠ። ማደንዘዣ ገና ባልተለመደበት ዘመን ነው። እግሩ ተቃንቶ ለንደን ተመለሰ፣ ለሌሎችም መሥራት ጀመረ፤ የአጥንት ሕክምና ሆስፒታል እስከ ማቋቋምም ደረሰ። የታካሚውን ሥጋት በራሱ አካል ያየ ሐኪም ስለሆነ ታሪኩ መነሣት ይገባዋል።

ከመቁረጡ በኋላ ያለው ጀሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ በተቆረጡት ሁለት ጫፎች መካከል አዲስ ጅማት ይሞላል። ጀሶውን ቀደም ብሎ ማውለቅ ይህን ያበላሻል። በጀሶው ላይ ተረከዙ አካባቢ ትንሽ የደም ነጥብ ቢታይ አያስደነግጥም፤ እየሰፋ ከሄደ ግን ወደ ሕክምና መመለስ ግድ ነው። እናት ጀሶ በታሰረበት ጊዜ ሁሉ የልጇን ጣቶች ደጋግማ ትይ። ጣቶቹ ሲጫኗቸው ነጣ ብለው ሲለቋቸው ወዲያው ከቀሉ ደም እየደረሳቸው ነው። ከጠቆሩ፣ ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ፣ ወይም ጀሶው ተንሸራቶ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከጠፉ ቀጠሮ አይጠበቅም። መጥፎ ሽታ፣ ትኩሳትና የማያቋርጥ ለቅሶም እንዲሁ።

እንደ ጋይንት ባለ ቀዝቃዛ ደጋ ጣት በብርድም ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በጨርቅ ሸፍኖ ማሞቅና ቀለሙን እንደገና ማየት ይገባል። ጀሶን በእሳት ዳር ማሞቅ ግን አይገባም፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ሕክምናው የሚጀመርበት ጊዜ ሲታሰብ ደግሞ የክርስትና ነገር ይመጣል። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ አራስና ሕፃን ከቤት አይርቁም። ሕክምናው ግን ከተወለደ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ሳምንት ቢጀመር መልካም ነው። ጥቂት ሳምንት መዘግየት ልጁን አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው 40ው ወደ ዓመት፣ 80ው ወደ ሁለት ዓመት ሲጎተት ነው። ቤተሰብ ቢቆጥረው ደግሞ ደስ የሚል ስሌት ያገኛል። በ10ኛ ቀኗ የመጀመሪያው ጀሶ የታሰረላት ሴት ልጅ፣ ስድስት ጀሶ ብትፈልግ በ52ኛ ቀኗ ጅማቷ ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ጀሶ በ73ኛ ቀኗ ይወልቃል። ለ80ዋ እግሯ ከጀሶ ነጻ ይሆናል። ወንዱ ግን በ40ኛ ቀኑ ጀሶ ላይ ነው፤ ጀሶ ደግሞ ውኃ ከነካው ይፈርሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ የክርስትናውን ቀን ገና ሲጀምር ለባለሙያው ይንገር፤ የጀሶ መቀየሪያው ከዚያ ቀን ጋር እንዲገጥም ወይም እግሩ እንዴት እንደሚሸፈን ይመካከሩበታል። ከንስሐ አባት ጋርም አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅማል። ካህናቱ በዚህ ሊያግዙ ይችላሉ፤ በገጠር ቤተሰብ ዘንድ የሚሰማ ቃል ያላቸው እነርሱ ናቸውና።

የጀሶው ዘመን ሲያልፍ ቤተሰብ አለቀ ይላል። ሕክምናው ከሽፎ የሚታየው በአብዛኛው ከዚህ በኋላ ነው። የተቃና እግር ወደ ቀድሞው መመለስ ይፈልጋል፤ የሚይዘው በብረት ዘንግ የተያያዘ ልዩ ጫማ ነው፤ ብሬስ ይባላል። ጫማዎቹ በትከሻ ስፋት ተራርቀው ወደ ውጭ ይዞራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት ይደረጋል፤ ቀሪዋ አንድ ሰዓት ለመታጠቢያ ናት። ከዚያ በኋላ ልጁ ሲተኛ ብቻ፣ ሌሊትና ቀን እንቅልፍ ላይ፣ እስከ አራት ዓመቱ ይቀጥላል። አራት ዓመት ሙሉ ከቀን ወደ ቀን እግሩ ፍጹም ደህና የሚመስል ልጅን ብረት ማጫማት ለወላጅ ከባድ ነው፤ ልጁም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለቅሳል። በፖንሴቲ ዘዴ ማሠልጠኛ መመሪያ ላይ የሠፈረው ቁጥር ግን ችላ ሊባል አይገባም፦ ብሬሱን በአግባቡ በተጠቀሙ ቤተሰቦች ከ100 እግር የተመለሰው 6 ያህል ሲሆን፣ ባልተጠቀሙት ከ80 በላይ ነው። ምላጩ በደቂቃ የሠራውን ይህ ጫማ ይጠብቀዋል።

ብሬስ ሲደረግ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ይቅደም፤ ተረከዙ ጫማው ውስጥ በደንብ መቀመጡ ይታይ። ቆዳው ላይ የማይጠፋ ቅላት ወይም ቁስል ካለ ጫማው በትክክል አልታሰረም ማለት ነው። ልጁ ሲያለቅስ ወዲያው ማውለቅ፣ ሲያለቅስ ጫማው እንደሚወልቅለት ያስተምረዋል። ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ እያጠፉና እየዘረጉ ማጫወት ይሻላል፤ በጥቂት ቀናት ይለምደዋል። በአንቀልባ እንዴት እንደሚታዘል ደግሞ ባለሙያው ፊት ተሞክሮ ቢወጣ ጥሩ ነው።

የዚህ አካባቢ እውነተኛ ፈተና መንገዱ ነው። ወረዳዎቹ ገደላማ ናቸው፤ ከበሽሎና ከዓባይ በረሃ አፋፍ ያሉ ቀበሌዎች መኪና መንገድ ለመድረስ የሰዓታት የእግር ጉዞ አለባቸው። ከነፋስ መውጫ በወረታና በወልድያ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ደብረ ታቦር ይደረሳል፤ ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይህ ጉዞ ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ነው። አባት ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ወርዶ ከሆነ ሁሉም ነገር በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ ደጋግሞ ተዘግቷል። ለእናቶች ሰበብ አታብዙ ማለት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የሚሻለው አገልግሎቱ ወደ እነርሱ መቅረቡ ነው። ጀሶ ማሰር የአዲስ አበባ ሐኪም አይጠይቅም፤ የማላዊ ልምድ ይህን አሳይቷል። በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሠልጥኖ ጀሶ የሚያስር ባለሙያ ቢኖርና ቤተሰቡ ለጅማት መቁረጡ ብቻ ርቆ ቢሄድ፣ አብዛኛው ጉዞ ይቀራል።

እስከዚያው ወላጅ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቆ ይውጣ። አንዱ የባለሙያው ስልክ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቢዘጋ ጀሶው ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችልና እንዴት በውኃ ተነክሮ እንደሚወልቅ ነው። የተለመደው ጀሶ የሚነከረው በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ነው፤ ማታ ከወለቀ እግሩ ሌሊቱን መመለስ ይጀምራል።

በአገራችን ይህ ሕክምና አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታል የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ። ቀድሞ የኪዩር አካል የነበረውና ከ2019 ወዲህ ሆፕ ዎክስ በሚል ስም ራሱን የቻለው ድርጅት የቆልማማ እግር ሕክምናን በተለያዩ የአገሪቱ ሆስፒታሎች ይደግፋል። በክልላችንም በባሕር ዳርና በጎንደር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ክፍል አላቸው።

ልጁ አድጎብን አልፎበታል ብለው ተስፋ የቆረጡ ወላጆችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ሳይታከሙ የቆዩ 22 ልጆችን በ32 እግሮቻቸው ተከታትሏል። በጀሶና በተወሰነ ቀዶ ሕክምና የሁሉም እግር መሬት በሙሉ መርገጫው እንዲረግጥ ሆኗል። ለእነዚህ ጀሶው ይበዛል፣ ማደንዘዣውም ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የሕፃኑ ሕክምና ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ከወሊድ በኋላ በምታደርጉት የመጀመሪያ የቤት ጉብኝት የሕፃኑን መጠቅለያ ፍቱና ሁለቱንም እግሮች እዩ። ወደ ውስጥ የዞረና በእጅ ሲመልሱት የማይመለስ እግር ካያችሁ፣ ለእናቲቱ ጥፋቷ እንዳልሆነ ነግራችሁ በዚያው ሳምንት የሪፈር ወረቀት ስጧት። ወላጆች፣ በቤታችሁም ሆነ በጎረቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ነገ ጠዋት ወደ ቅርባችሁ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።